ሽጉጤ ላይ የወጣችው ጨረቃ

«ኦ!»

ሽጉጥ ጠጋኙ ሰውዬ ያለው ይህችኑ ነው። ካዝናውን ነቀለ፤ ከላይ የሚንሸራተተውን ብረት፣ ስላይዱን፣ ስቦ የጥይት ጎሬው ባዶ መሆኑን በዓይኑም በጣቱም አረጋገጠ፤ ከዚያ የሽጉጤን ግራ ጎን ወደ መብራቱ ዘወር አደረገና «ኦ!» አለ። በአገጩ ባልደረባውን ጠራው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ፣ ቀና ብለው ተያዩ። እኔ የመጣሁት ቀለህ አልተፋ እያለ ስላስቸገረኝ ነበር። ስለ ቀለሁ ማንም አልጠየቀኝም።

ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ጥርሴን ስቦርሽ «ኦ!» ይለኛል። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ «ኦ!» ይለኛል። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ በዜማ ሲቀበል እኔ የሰማሁት ያንኑ ነው።

ያዩት ነገር ጭረት ነው። ከቃታው ከፍ ብላ፣ ከስላይድ ማቆሚያዋ ሥር፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ ጎበጥ ያለች ጭረት። አሜሪካኖቹ ስም አውጥተውላታል፤ «የጅል ጭረት» ይሏታል። እኔ ራሴን ለመስደብ የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ። ሽጉጡን የሚያውቅ ሁሉ በዚህ ስም ነው የሚያውቃት፤ ባየ ጊዜም ባለቤቱ ራሱ ፈታትቶ ራሱ እንደ ገጠመው ሳይነገረው ይገባዋል። በባለቤቴ የልብስ መለኪያ ለካኋት፤ 13 ሚሊሜትር ናት። እኔ ግን ሳያት እንደዚያ አይደለችም። ጠፈር ላይ ያለ ሰው ቁልቁል ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው ስምጥ ሸለቆ ነው ቢሉኝ አምናለሁ፤ ቀጥሎ የሚታየው የእኔ ሽጉጥ ነው። ከቀይ ባሕር ተነስታ ሞዛምቢክ የምትደርስ ጭረት ናት።

ሽጉጡ ደግሞ ተራ ሽጉጥ ቢሆን አይቆጨኝም ነበር። 1911 ነው። የዩታው ሰው ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ የአሜሪካ ጦር በስሙ ዓመት ተቀብሎ እስከ 1985 (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር) ድረስ በወገቡ የያዘው። ኮሪያ የዘመቱት ቃኘው ሻለቃዎች በአሜሪካ መሣሪያ ስለነበር የተዋጉት፣ «ኮልት» የሚለው የፋብሪካው ስም ለእኛም ቤት እንግዳ አይደለም። ጦሩ ሲፈትነው 6000 ጥይት ተኩሰውበታል፤ ሲግልባቸው ውኃ ውስጥ እየነከሩ አቀዘቀዙትና ቀጠሉ፤ አንድም ጊዜ አልነከሰም ይላል መዝገቡ። እኔ ጋ በ43ኛው ጥይት ነከሰ። ውኃ ውስጥ አልነከርኩትም፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ኤሲ ያለው የተኩስ አዳራሽ ነው የወሰድኩት።

ጭረቷ የመጣችው ከዚያ በፊት፣ ቤት ሳጸዳው ነው። አፈታቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፤ ስላይዱ ተስቦ ባዶነቱ ይታያል፤ ከዚያ እንደገና ይታያል። ከአፈሙዙ ሥር የሞላውን ጫፍ የያዘች ክብ ውታፍ አለች። እሷን በአውራ ጣት ወደ ውስጥ ገፍተህ አፈሙዙን ያቀፈውን ቀለበት (ቡሽንግ) ሩብ ዙር ታዞረዋለህ፤ ከዚያ ውታፏን ቀስ እያልክ ትለቃታለህ። «ቀስ» የተባለው ለጨዋታ አይደለም። የፋብሪካው ሞላ ስላይዱ እስከ መጨረሻ ሲሳብ ሰባት ኪሎ ያህል ይገፋል። አውራ ጣቴ ደግሞ ዘይት ነክቶት ነበር።

ውታፏ ጣሪያ መታች። ከጣሪያው ወዴት እንደ ሄደች አላየሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። (መነጽር ያላደረገ ሰው ዓይኑን ቢጨፍን አይፈረድበትም፤ መነጽር ማድረግ ግን ይሻላል። ሙሉውን የሽጉጥ አፍ ብርሃን በሚያሳልፍ ፌስታል ውስጥ ከትቶ መፍታትም አለ፤ ውታፏ ብታመልጥ ፌስታሉ ውስጥ ትቀራለች። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።) ባለቤቴ ቡና እያፈላች ነበርና ቀና እንኳ ሳትል «ምንድነው?» አለች። «ምንም» አልኩ። ሁለት ቀን ሶፋ አነሳሁ፣ ምንጣፍ ገለበጥኩ። በመጨረሻ ረከቦቱ ሥር ከተነጠፈው የላስቲክ ቄጠማ ውስጥ ተገኘች። እውነተኛ ቄጠማ ቢሆን ኖሮ ተጠርጋ ከቆሻሻ ጋር ሄዳ ነበር፤ የላስቲኩን ቄጠማ ስነቅፍ ኖሬ ያን ቀን ዝም አልኩ።

መልሶ መግጠሙ ነው ጉዱ። ከአፈሙዙ በታች የምትወዛወዝ፣ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ማያያዣ አለች። የስላይድ ማቆሚያዋ ፒን በግራ በኩል ገብታ በዚያች ቀዳዳ ማለፍ አለባት። ስለዚህ በአንድ እጅህ ስላይዱን ወደ ኋላ ስበህ፣ ታችኛው ጠርዙ ላይ ያለችው ግማሽ ክብ ቁርጥ ከማቆሚያዋ ጋር እስክትገጥም አፍነህ ትይዘዋለህ። በሁለተኛው እጅህ ፒኗን ትከታለህ። በሦስተኛው እጅህ ደግሞ ከኋላዋ በሞላ የምትገፋዋን፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ብረት ወደ ኋላ ታፍናታለህ። ሦስተኛ እጅ ያልተሰጠው ሰው ማቆሚያዋን ከታች ወደ ላይ እያዞረ በጉልበት ይገፋታል። ያን ጊዜ የማቆሚያዋ ጥግ የብረቱን ጥቁር ሰማያዊ ቀለም እየፋቀ ይወጣል። ድምፅ አለው። ጥፍር ሰሌዳ ሲቧጥጥ የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ግን አጭር ነው፤ ስትሰማው አልቋል።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የሽጉጥ አገጣጠም ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ አንድ ላይ የተማከሩ ይመስለኛል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ስለ ዘይት ዓይነት ያወራሉ። ጠረጴዛቸውን ያሳያሉ፣ ውሻቸውን ያሳያሉ። ማቆሚያዋ የምትገባበት ሰከንድ ሲደርስ ግን አውራ ጣታቸው ካሜራውን ይጋርዳል። ጣቱ ሲነሳ ሽጉጡ ተገጥሟል። «ይኸው፤ ቀላል ነው» ይላል ሰውዬው። አራት ቪዲዮ አየሁ፤ አራት አውራ ጣት አየሁ። እነዚያ ሰዎች ያን ጊዜ ጨረቃቸውን እየሸፈኑ እንደነበር አሁን ነው የጠረጠርኩት።

የሚሠራው ዘዴ ይኸውላችሁ። ከማቆሚያዋ ሥር ባለው ብረት ላይ ሁለት ድርብ የቀለም ቀቢ ፕላስተር ለጥፉ። ፒኗን በማያያዣዋ ቀዳዳ አሳልፉ፤ የማቆሚያዋ መያዣ ግን አግድም ሆና ከሩዟ ብረት ትንሽ ዝቅ ብላ ትቆይ። ቁርጧን ከማቆሚያዋ ጋር አጋጥሙ። አሁን በቀጭን የላስቲክ ካርድ ጥግ ሩዟን ብረት ወደ ኋላ ገፍታችሁ ማቆሚያዋን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ተጫኗት። ማዞር የለም። ጉልበት ከጠየቀች ቁርጧ አልገጠመችም ማለት ነው፤ ስላይዱን በፀጉር ያህል አንቀሳቅሱት። ጊዜው ያለፈበት የአውቶቡስ ካርድ ለዚህ ሥራ ሁነኛ ነው።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ባዶውን ፈትሹት። መዶሻውን አንሱና የእጀታውን ጀርባ ሳትጨብጡ ቃታውን ሳቡ፤ መውደቅ የለበትም። እጀታውን ጨብጣችሁ የአውራ ጣቱን ሴፍቲ (መቆለፊያ) ከፍ አድርጋችሁ ሳቡ፤ አሁንም መውደቅ የለበትም። ሴፍቲውን አውርዳችሁ፣ ስላይዱን ጥቂት ወደ ኋላ ይዛችሁ ሳቡ፤ አሁንም። አንዱ ላይ እንኳ መዶሻው ከወደቀ ወደ ጠጋኝ ነው እንጂ ወደ አዳራሽ አይኬድም። እኔ ይህንን በትክክል አድርጌያለሁ። ማንም ግን ለዚህ «ኦ!» አላለኝም።

ጭረቷን ለባለቤቴ ያሳየኋት ማጽናኛ ፈልጌ ነው። በስልኳ መብራት አየቻት። «ይህቺ ናት? የመኪናዬን በር ከጋራዡ ግድግዳ ጋር ስትፈገፍገው ‹ብረት አይደል እንዴ› አላልክም?»

አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ባጭሩ ልበል። ኢላማው ሰባት ያርድ ላይ ነበር። ጥይቱ ወፍራም ነው፤ 11 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ፣ እርሳሱ ብቻ 15 ግራም። ርግጫው ስለታም አይደለም፤ ሰው በትከሻው ገፋ እንደሚያደርግህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ሁሉ ወደ ግራና ወደ ታች ሄዱ። በቀኝ እጄ ነው የምተኩሰው፤ ቃታውን በመጫን ፈንታ ስመነትፈው ማለት ነው። ይህን አስተካከልኩ። 43ኛው ላይ ቀለሁ ግማሽ ወጥቶ በስላይዱ ጥርስ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ልክ እንደ ጭስ ማውጫ። ጣቴን ከቃታው አነሳሁ፣ አፈሙዙን ከኢላማው ሳላዞር ካዝናውን ነቀልኩ፣ ስላይዱን ስቤ አራገፍኩ። ከዚያም በ51ኛው፣ በ58ኛው ደገመው።

ጠጋኙ ከጨረቃዋ ትንታኔ ሲመለስ ምክንያቱን በአምስት ደቂቃ አገኘው፤ እዚህ ላይ አልዋሽም፣ ጎበዝ ነው። መጀመሪያ ቀለህ ጎታቿን ብረት ፈተሸ። ስላይዱን ለይቶ አንድ ባዶ ቀለህ አስነከሳትና ስላይዱን ወዘወዘው፤ ቀለሁ አልወደቀም፤ እሷ ደህና ናት። ከዚያ ሞላውን አወጣ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት የፋብሪካውን የ16 ፓውንድ (ሰባት ኪሎ) ሞላ አውጥቶ የ20 ፓውንድ ከትቶበት ኖሯል። ጠንካራ ሞላ ሽጉጡን ከመመታት ያድነዋል ብሎ ይሆናል። ግን ስላይዱ እስከ መጨረሻ ወደ ኋላ ሳይደርስ ይመልሰዋል፤ ቀለሁም ሳይወጣ ይያዛል። በዚያ ላይ የያዥው ክንድ ከላላ ጉልበቱን እጁ ይበላበታል። «ክንድህ ላልቷል» አለኝ። ሞላው ዘጠኝ ኪሎ መሆኑን ስሰማ ግን ደስ አለኝ፤ ውታፏ ጣሪያ የመታችው በእኔ ድክመት ብቻ አይደለም ማለት ነዋ። አዲሱ ሞላ ከአንድ ክትፎ ዋጋ ያነሰ ነው። ከዚያ ወዲህ 200 ጥይት ተኩሻለሁ፤ አልነከሰም።

ጎረቤታችን ሻምበል ጉዳዩን ሰምተው መጡ። የደርግ ዘመን መኮንን ናቸው፤ ወገባቸው ላይ የነበረው የሩሲያው ሽጉጥ ማካሮቭ ነው።

«ስንት ጎራሽ ነው ልጄ?»

«ሰባት ነው ሻምበል። ጎሬው ውስጥ አንድ ይጨመራል።»

«ማካሮቭ ስምንት ይጎርሳል። ክብደቱስ?»

«ባዶውን አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ይሆናል።»

«ማካሮቭ ኪሎም አይሞላ። ለሰባት ጉርሻ ነው ይህን ድስት የምትሸከመው?» አሉና አፈታቱን በአየር ላይ በባዶ እጃቸው አሳዩኝ። የቃታውን ጠባቂ ወደ ታች መጎተት፣ ስላይዱን ወደ ኋላ ስቦ ከጀርባው ከፍ ማድረግ፣ ወደ ፊት መልቀቅ፤ አለቀ። ሞላው አፈሙዙ ላይ ተጠምጥሞ ስለሚቀመጥ ጣሪያ የሚመታ ውታፍ የለም። ጭረት የሚያወጣ ማቆሚያም የለም። ሻምበል ሰው ሲጨነቅ ልክ አያውቁም፤ ቡናቸውን ጠጥተው እስኪወጡ ድረስ አራት ጊዜ ፈቱት።

እሳቸው ሲወጡ ነው ያን ጠርሙስ ያዘዝኩት። ብረት ሳይሞቅ የሚያጠቁር ፈሳሽ ነው። ቦታውን በአልኮል ከቅባት ታጸዳለህ፣ በጥጥ እንጨት ትቀባለህ፣ አንድ ደቂቃ ቆይተህ ትጠርጋለህ፣ ዘይት ታስነካለህ። የፋብሪካው ቀለም ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ የጠርሙሱ ግን ጥቁር ነው። ስለዚህ ድሮ ጭረት የነበረችው አሁን ኩል የተኳለች ጭረት ሆነች። ከመታየት አልፋ ትጣቀሳለች።

ትናንት ጥይት ልገዛ ወደዚያው ሱቅ ሄድኩ። መስታወቱ ሥር ያገለገሉ 1911ዎች ተደርድረዋል፤ ስድስት ናቸው። ግራ ጎናቸው ወደ ላይ ነው። ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አንድ በአንድ አየኋቸው። አራቱ ላይ ወጥታለች። አንደኛው ላይማ ሁለት ጊዜ፣ ጎን ለጎን፤ ያ ሰውዬ ከእኔም ይብሳል።

ሻጩ መጣ። «ምን ልርዳህ?»

«ዘመድ እየፈለግኩ ነው» አልኩት።

አልገባውም። ወደ መታወቂያ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ጠቆመኝ።