ቀኑ ራሱ ያመጣው ወረቀት

የዕለት ማስታወሻዬን በደብተር መጻፍ ከተውኩ ቆይቻለሁ። አሁን በየቀኑ አንድ ፖስት ካርድ በእጄ እሠራለሁ፤ በአንደኛው ገጽ ከቁርጥራጭ ወረቀት የተለጣጠፈ ኮላጅ ይሆናል፣ በጀርባው ደግሞ ስለ ቀኑ ጥቂት መስመሮች ይጻፋሉ። ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች ሲጠይቁኝ ከመቀስና ከማጣበቂያ አስቀድሜ የምነግራቸው አንድ ደንብ አለ፦ በካርዱ ላይ ከሚለጠፉት ነገሮች ቢያንስ አንዱ በዚያው ዕለት እጄ የገባ ወረቀት መሆን አለበት። የቀረው ከአሮጌ መጽሔት፣ ከግድግዳ ካላንደር ወይም ከስጦታ መጠቅለያ ቢቆረጥ ግድ የለኝም። ያ አንዱ ቁራጭ ከሌለ ግን ካርዱ ያማረ ሥዕል ሊባል ይችላል እንጂ የዕለት ማስታወሻ ሊባል አይችልም።

ደንቡን ያወጣሁት በኢንተርኔት የሚታዩትን የኮላጅ ማስታወሻዎች ስመለከት ከቆየሁ በኋላ ነው። አብዛኞቹ የሚሠሩት ለዚሁ ተብለው ታትመው በጥቅል ከሚሸጡ የአበባ፣ የቢራቢሮና የአሮጌ ደብዳቤ ሥዕሎች ነው። ዓይን ይማርካሉ፤ ነገር ግን የመስከረሙን ካርድ ከግንቦቱ፣ የአንዷን ሠሪ ሥራ ከሌላዋ ለመለየት ያስቸግራል። ቢራቢሮው የተገዛው አምና ሊሆን ይችላል፣ አበባውም በማንም አገር አልበቀለም። በአንጻሩ ጀርመናዊው ሠዓሊ ኩርት ሽቪተርስ እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ በሐኖቨር ከተማ ኮላጆቹን ይሠራ የነበረው ከመንገድ ከሚለቅማቸው የትራም ትኬቶች፣ መጠቅለያዎችና የጋዜጣ ቁራጮች ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ እነዚያን ሥራዎች ስንመለከት ከጦርነት የወጣች ከተማ በኪሷ ምን ይዛ ትዞር እንደነበር እናያለን። ትኬቱ ሲለጠፍ ተራ ነገር ነበር፤ ዋጋ የሰጠው ጊዜው ነው።

እኛም ብንሆን ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። የጭቃ ግድግዳን በጋዜጣና በመጽሔት ገጽ መለጠፍ በብዙ ቤት የነበረ ልማድ ነው። ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ይፈላል፣ ወረቀቱ ይቀባል፣ ከዚያም እንደተገኘ ይለጠፋል፤ አንዱ ገጽ ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ተዘቅዝቆ፣ የሚኒስትሩ ፎቶግራፍ ከሳሙና ማስታወቂያ ጎን። አልጋው ላይ የተጋደመ ልጅ ርዕሱን ያነባል፤ የዜናው ግማሽ ግን ቁም ሣጥኑ ጀርባ ስለሚቀር ነገሩ እንዴት እንደተጠናቀቀ ሳያውቅ ያድጋል። ያንን ግድግዳ ኮላጅ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

በጅማ የሚገኘው የዕለት ወረቀት ከሌላ ከተማ ወረቀት በምን እንደሚለይ ለማወቅ ሐሙስ ዕለት ገበያ መውጣት ይበቃል። በአንድ ቀን ከሄርማታ መርካቶ ይዤው የምመለሰው ቁርጥራጭ በሦስት ፊደል የተጻፈ ሊሆን ይችላል፦ በግእዝ ፊደል የታተመ ማስታወቂያ፣ በቁቤ የተጻፈ ደረሰኝ፣ ከዕጣን ወይም ከተምር ማሸጊያ ላይ የተገኘ የዐረብኛ ጽሑፍ። ዕጣው ያለፈ ሎተሪ፣ ከመናኸሪያ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ትኬት፣ የሞባይል ካርድ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የሻይ ቅጠል ፓኮ፣ ሁሉም ይሆናሉ። ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ግን የቆሎና የኦቾሎኒ መጠቅለያ ነው። ሻጮቹ ያለቀ የተማሪ ደብተር ገዝተው ገጹን እየቀደዱ እንደ ጥሩንባ ይጠቀልሉታል፤ በሲኒ ሰፍረው ይሞሉልህና ጫፉን አጥፈው ይሰጡሃል። ባለፈው ሐሙስ የደረሰኝ ገጽ የሒሳብ የቤት ሥራ ነበረበት። ተማሪው ክፍልፋይ ሲደምር ታቹንም ላዩንም ደምሮታል፣ መምህሩም በቀይ እስክሪብቶ በረጅሙ ኤክስ አድርገውበታል፤ ኤክሱ ላይ የቆሎው ዘይት አርፎ ወረቀቱን አሳልፎ የሚያሳይ አድርጎታል። በዚያ ቀን ካርድ ላይ ከዚህ ሌላ የለጠፍኩት ነገር ቢኖር አንድ ቁራጭ ቡናማ ወረቀት ብቻ ነው። የተማሪው ስም የሚታይ ከሆነ ግን ቆርጬ አወጣዋለሁ፤ ሒሳብ የማይሆንለት መሆኑን ዓለም ሁሉ ማወቅ የለበትም።

ስለ መጠኑ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። አንድ ኤ4 ወረቀት ሁለት ጊዜ ታጥፎ ሲቆረጥ በ10.5 እና በ14.8 ሳንቲሜትር አራት ካርድ ይወጣዋል፤ ይህም በፖስታ ለመላክ ከሚፈቀደው ዝቅተኛ መጠን፣ ማለትም ከ9 በ14 ሳንቲሜትር፣ በጥቂቱ ይበልጣል። በዓለም የመጀመሪያው መንግሥታዊ ፖስት ካርድ ኦስትሪያ-ሀንጋሪ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1869 ያወጣችው ሲሆን ስፋቱ 8.5 በ12.2 ሳንቲሜትር ብቻ ነበር፤ በዛሬው መለኪያ ቢሆን ኖሮ አነሰ ተብሎ ይመለስ ነበር።

ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የካርዱ መደብ ነው። እኔ የምጠቀመው የጥርስ ሳሙና፣ የብስኩትና የመድኃኒት ካርቶን ነው፤ ያልታተመበት የውስጥ ገጹ ግራጫ ስለሆነ ጽሑፍ በደንብ ይቀበላል። ነገር ግን ወረቀት ሁሉ ሲሠራ ቃጫው በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል፤ እርጥበት ሲያገኘውም የሚሰፋው በቃጫው ርዝመት ሳይሆን በአግድሙ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ማጣበቂያ የተቀባ ካርድ ሲደርቅ የሚቆለመመው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ካርቶኑን ሳትቆርጡ በሁለቱም አቅጣጫ በቀስታ እጠፉት፤ በቀላሉ ሲታጠፍ የእጥፋቱ መስመር የሚሄድበት አቅጣጫ ቃጫው የተኛበት ነውና የምትለጥፉትን ወረቀት ቃጫ ከዚያው ጋር አስተካክሉ። ሁለተኛ፣ በጀርባውም አንድ ንጹሕ ወረቀት ለጥፋችሁ ሁለቱ ወገን እኩል እንዲሳሳቡ አድርጉ፤ ከዚያም ከከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሩት። ይህን ያደረገ ሰው ካርዱ ጠዋት ቀጥ ብሎ ያገኘዋል።

ማጣበቂያውን በተመለከተ ጅማ የራሷን ሁኔታ ታስገድዳለች። እዚህ ከመጋቢት እስከ መስከረም ዝናቡ ብዙም ፋታ ስለማይሰጥ የዱቄት ማጣበቂያ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይሸታል፣ የተለጠፈውም ወረቀት በደንብ ሳይደርቅ ከተከደነ ሻጋታ ያበቅላል፤ በረሮም ይወደዋል። በበጋ ግን ከእርሱ የሚሻል የለም፤ ከተለጠፈ በኋላ ለደቂቃዎች ወረቀቱን እያንሸራተቱ ማስተካከል ይቻላል፣ ዋጋውም ከአንድ እፍኝ ዱቄት አይበልጥም። በክረምት አናጺዎች የሚጠቀሙበትን ነጭ ኮላ በጥቂት ውኃ አቅጥኜ በብሩሽ በስሱ እቀባለሁ። ማስቲሽ አልመክርም፤ ሽታው ይቅርና ከጊዜ በኋላ ቡናማ እድፍ ሆኖ በወረቀቱ በኩል ይወጣል።

ቀለም ስፈልግ ቡናው አለ። ጎረቤቴ እማማ ቡና ሲያፈሉ ከእያንዳንዱ ዙር ከሲኒ ሥር የቀረውን በሦስት ብርጭቆ እለያለሁ፦ አቦሉ ወረቀቱን ጥቁር ቡናማ ያደርገዋል፣ ቶናው የማር መልክ ይሰጠዋል፣ በረካው ደግሞ ያረጀ ያስመስለዋል እንጂ የተቀባ አያስመስለውም። ሦስቱን በአንድ ካርድ ላይ ጎን ለጎን ያየ ሰው የትኛው ከየትኛው ጀበና ዙር እንደመጣ ሳይነገረው ይለያል። እማማ መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልገባቸውም ነበር፤ «የኔ ልጅ፣ ሰው የጣለውን ትለቅሚያለሽ፣ መልሰሽ ደግሞ ቴምብር ገዝተሽ ለሰው ትልኪዋለሽ!» ብለው ስቀውብኛል። ከዚያ ወዲህ ግን የዕጣኑን መጠቅለያ ለእኔ ሳያሳዩ አይጥሉም።

ቡናም የጋዜጣ ወረቀትም ለዘለቄታው የሚታመኑ እንዳልሆኑ መናገር አለብኝ። የጋዜጣ ወረቀት የሚሠራው በደንብ ካልተጣራ የእንጨት ቃጫ ስለሆነ ሊግኒን የሚባለው ንጥረ ነገር በውስጡ ይቀራል፤ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎም ይሰባበራል። ቡናው ደግሞ አሲድነት አለው። እኔ ይህን አልጠላውም፤ የከበደው ጉዳይ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ነው። በደረሰኙ ላይ የምናየው ጽሑፍ ቀለም የለውም፤ ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ቅባት ስላለበት ነው የሚነበበው። ፀሐይ ላይ ቢውል ይደበዝዛል፣ አንዳንድ ማጣበቂያ ሲነካው ጽሑፉ ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ ደረሰኝ የዕለቱ ወረቀት በሆነበት ቀን ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ ኮፒውን እለጥፋለሁ፤ የፎቶ ኮፒ ቀለም ከወረቀቱ ጋር በሙቀት የተያያዘ ዱቄት ስለሆነ ማጣበቂያው አያስለቅቀውም። በቤት ፕሪንተር የወጣ ባለ ፈሳሽ ቀለም ወረቀት ግን ኮላ ሲነካው ይፈስሳል።

አሁን ወደ ጀርባው ልለፍ። በዓለም አቀፉ የፖስታ ደንብ መሠረት የአድራሻው ገጽ ቢያንስ የቀኝ ግማሹ ለአድራሻና ለቴምብር የተተወ ነው፤ ለጽሑፍ የሚቀረው የግራው ግማሽ ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ችሮታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ብሪታንያ መልእክትና አድራሻ በአንድ ገጽ እንዲሆኑ እስከፈቀደች ድረስ ሰዎች መልእክታቸውን በሥዕሉ ጠርዝ ላይ አጨናንቀው ይጽፉ ነበር። የማልልከውንም ካርድ ቢሆን በዚሁ ልክ ነው የምጽፈው። የደብተር ገጽ ባዶነቱ ያስፈራል፣ ወይም ሰውን ያለ ልክ ያስለፈልፋል፤ የካርድ ግማሽ ግን ስድስት ወይም ሰባት መስመር ነው። በእርሱም ላይ ስሜቴን አላትትም። ወረቀቱ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጠኝ፣ ምን ተባብለን እንደተለያየን፣ ያን ቀን ዝናቡ ስንት ሰዓት እንደያዘን እጽፋለሁ። ስሜቱ ካለ ከዚያ ውስጥ ይገኛል።

የእኛ ዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ወሩ ሁሉ ሠላሳ ቀን ስለሆነ አሥራ ሁለቱም ወራት እኩል ውፍረት ያለው ጥቅል ይወጣቸዋል፤ ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን በአንድ የጫማ ካርቶን ይገባል፣ ጠርዙ ላይ የወሩ ስም ይጻፋል። ጳጉሜን በአምስት ካርድ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ በስድስት፣ በአንድ ፖስታ ውስጥ ትቀመጣለች። የጎርጎርዮስን አቆጣጠር የሚከተሉ ሰዎች በየካቲታቸውና በጥቅምታቸው ጥቅል መካከል ያለውን ልዩነት እንዴት እንደሚችሉት እነርሱ ያውቃሉ።

ጥቅሉ ግን ሙሉ ሆኖ አይቆይም፤ ካርዶቹን እልካቸዋለሁና። የኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎት በ1886 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ በዚህም ስምምነት ምክንያት ጅማ የተለጠፈ ቴምብር በተቀባዩ አገር ሌላ ክፍያ ሳይጠየቅበት ካርዱን ያደርሰዋል። ለመላክ የታሰበ ካርድ ላይ ቁልፍ፣ የቡና ፍሬ፣ ክርና ስቴፕለር አይለጠፍም፤ ማኅተም ሲመታበት ይሰበራል፣ በመንገድ ላይም ከሌላው ደብዳቤ ጋር ይያያዛል። ጠርዙም በጥፍር ሲሞከር የማይነሣ መሆን አለበት። እዚህ ደብዳቤ የሚደርሰው ባመዛኙ በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለሆነ ተቀባዩ ሣጥን ከሌለው የመሥሪያ ቤቱን ወይም የዘመዱን ቁጥር አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በሄደው ካርድ ቦታ ቀኑና የሄደበት ከተማ የተጻፈበት፣ የጀርባው ጽሑፍም የተገለበጠበት ባዶ ካርቶን አስገባለሁ። በስልክ ፎቶ አንሥተሽ አስቀሪው የሚሉኝ አሉ፤ አላነሣም፤ ቅጂው እጄ ላይ እንደሚቀር ካወቅሁ የምሠራው ለስልኩ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ የሚልኩልኝ ሰዎች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ደንቤን ተቀብለው ከየከተማቸው የዕለት ወረቀት የሚለጥፉ አሉ። እዚህ ላይ ደንቡ ራሱ ችግር ያመጣብኛል፤ ያን ቀን እጄ የገባው ወረቀት ካርዳቸው ነውና በሕጉ መሠረት መቀሱ እርሱ ላይ ማረፍ ነበረበት። ካርዱ በፖስታ ተሸፍኖ ከመጣ የፖስታውን ማኅተም ያረፈበትን ጥግ ቆርጬ እገላገላለሁ። ራቁቱን ከመጣ ደግሞ ከፖስታ ቤት ወጥቼ ቆሎ እገዛለሁ።