ባዶው ሳጥን

ቅዳሜ ማታ

የዛሬውን ሳልጽፍ ካደርኩ ነገ ለራሴ አለሳልሼ ነው የምነግረው። ስለዚህ ልጄ እንደተኛች ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የእናቶችና የሴት ልጆች የበጎ ፈቃድ ቡድናችን ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። 12 እናቶች፣ 12 ልጆች ነን። የእኔዋ 14 ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት የአረጋውያን መኖሪያ እንሄዳለን። ስብሰባውን የሚመሩት ልጆቹ ናቸው፤ እናት እጇን አውጥታ ዕድል ካልተሰጣት አትናገርም። ይህን ደንብ ስናጸድቅ ቀላል መስሎኝ ነበር። መሥሪያ ቤት ስብሰባ ስመራ የምውል ሴት፣ አጀንዳው ሲዘበራረቅ እያየሁ አፌን ይዤ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ልጄ መጀመሪያ የተመረጠችው ለጸሐፊነት ነበር። ቃለ ጉባኤ መያዝ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ አይደለም። ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደሚሠራውና እስከ መቼ እንደሆነ ለይቶ ማውጣት ያስፈልጋል። ያን ስትለምድ አነጋገሯም ተለወጠ፤ ቤት ውስጥ እንኳ «እሺ፣ ማን ነው የሚያደርገው?» ማለት ጀመረች። ከሦስት ወር በፊት ሰብሳቢ ሆነች።

ያን ሰሞን ምን ልምከራት እያልኩ ብዙ አነበብኩ። ጁልየት ጎርደን ሎው የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካዋ ሳቫና ከተማ 18 ልጃገረዶችን ሰብስባ ገርል ስካውት የተባለውን የልጃገረዶች ማኅበር እንደጀመረች፣ ራሷም መስማት ይቸግራት እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። እንደ እኛ እናትና ልጅን አንድ ላይ የሚያሠማራው ናሽናል ቻሪቲ ሊግም መነሻው እ.ኤ.አ. በ1925 ሎስ አንጀለስ ነው፤ ልጆቹን የሚቀበለው ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ልጄን ይበልጥ የሳባት ግን የስካውቶች አሠራር ነበር፦ ልጆቹን ከስድስት እስከ ስምንት እያደረጉ መክፈል፣ መሪያቸውንም ከራሳቸው መካከል ማድረግ። በማግሥቱ 12ቱን ለሁለት ከፈለቻቸው። እኔ የነገርኳት ታሪኩን ብቻ ነበር፤ ወደ ሥራ የለወጠችው እሷ ናት።

እኛ እናቶች አስቀድመን ያሰብነው ለአረጋውያኑ መጽሐፍ ማንበብ ነበር። ልጄ ሰብሳቢ ስትሆን መጀመሪያ ያደረገችው እነሱኑ መጠየቅ ነው። ከአረጋውያኑ አንዲት እናት «ማንበቡንስ እኔም አነባለሁ፤ ይልቅ የልጄን ድምፅ ከዚህ ስልክ አውጪልኝ» አሏት። ልጃቸው የላከላቸው 11 የድምፅ መልእክት ነበር። አንዱንም አልሰሙትም። ያን ቀን ልጄ አጠገባቸው ተቀምጣ አንድ በአንድ ስትከፍትላቸው፣ እሳቸውም ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ አየሁ። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ማንበቡን ያነሳ ሰው የለም።

ሥራችን የስልክ ትምህርት ሆነ። ፊደሉን ማተለቅ፣ ፎቶ መክፈት፣ የቪዲዮ ጥሪ ማንሳት። ልጆቹ ራሳቸው ደንብ አወጡ፦ የክፍሉ በር አይዘጋም፣ የይለፍ ቃልና የገንዘብ ነገር አይነካም፣ የአረጋውያኑ ፎቶ አይነሳም። መጀመሪያ አካባቢ ልጆቹ በጮኹ ቁጥር አረጋውያኑ ይበልጥ ግራ ይጋቡ ነበር። በእርጅና የሚመጣ የመስማት ድካም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጭን ድምፅ እንደሆነ ያስረዳቻቸው የመኖሪያው ነርስ ናት። የልጃገረድ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ስትጮህ ደግሞ ይብስበታል። ልጄ ጓደኞቿን ሰብስባ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ወፈር አድርገው፣ ዝግ ብለው እንዲናገሩ እርስ በርስ አለማመደቻቸው። ከኮሪደሩ ቆሜ ስሰማቸው ደረቴ ሞላ።

ወደ ሐሙስ ልምጣ።

ሐሙስ ማታ የቅዳሜውን የተራ ዝርዝር ለሁላችንም በስልክ ላከች። ፈተና ስላለባቸው ሦስት ልጆች እንደማይመጡ ነግረዋት ነበር። የሁለቱን ቦታ ሸፍናለች። ከአንድ አረጋዊ አባት ስም ትይዩ ያለው ሳጥን ግን ባዶ ነበር። አየሁት። ወዲያው አየሁት። ዝምም አልኩ። ራሷ ታየዋለች፣ ካላየችውም ትማርበታለች አልኩ። ዕቅድና አርቆ ማሰብ የሚከናወንበት የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ እየበሰለ እንደሚሄድ አንብቤ ስለነበር ትዕግሥት ማለት ይህ ነው ብዬ ነበር። እውነቱን ልጻፍ፣ ዝም በማለቴ ኮርቼም ነበር።

ዛሬ እኚህ አባት ፊታቸውን ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሩን በሩን እያዩ ተቀምጠው ነበር። በግራም በቀኝም ያሉት ከተመደቡላቸው ልጆች ጋር ያወራሉ። እኔ ወንበር ሳመላልስ ሁለት ጊዜ በአጠገባቸው አልፌያለሁ። ልጄ ያየቻቸው ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ገና ሳትናገር «የእኔዋ ልጅ ታመመች እንዴ?» አሏት።

ልጄ ቁጭ አለችና «አልታመመችም አባባ፤ ፈተና አለባት። ሌላ ሰው መመደብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ረሳሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለቻቸው። ሰበብ አልጨመረችም። ከዚያ ስልካቸውን ይዛ አጠገባቸው ቆየች፤ እኛ ሁላችንም በር ላይ ጠበቅናት።

መንገድ ላይ «ዝርዝሩን ስልክልሽ አይተሽው ነበር?» አለችኝ።

«አይቼው ነበር።»

ብዙ ሄድን። «እማዬ፣ እኔ እንድማር ብለሽ እሳቸውን አስጠበቅሻቸው?»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ስብሰባ ቢንዛዛ የምንደክመው እኛ ነን፤ ወንበር ቢጎድል የምንቆመው እኛ ነን። በእንዲህ ያለው ዝም ብል የሚጎዳ ሰው የለም፤ ወደፊትም ዝም እላለሁ። የባዶውን ሳጥን ዕዳ የከፈሉት ግን በጠዋት ተነስተው የተላጩት ሰው ናቸው። ልጄን ላስተምር ብዬ የእሳቸውን ቅዳሜ ወሰድኩ። «የአባባ ሳጥን ባዶ ነው» ብዬ አንድ መስመር ብልክላት ሥልጣኗን አልነጥቃትም ነበር፤ ማንን እንደምትመድብ የምትወስነው ያው እሷ ናት። መሥሪያ ቤት የበታቼ የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ዝም ቢለኝ እቀየመዋለሁ። ለልጄ ጊዜ ለምን ሌላ ሕግ እንዳወጣሁ እያሰብኩ ነው።

እራት ላይ ብዙም አላወራንም። ከዚያ ክፍሏ ገብታ አዲስ ዝርዝር ሠርታ ላከችልኝ። በእያንዳንዱ አረጋዊ ስም ትይዩ ሁለት ልጆች አሉ፤ አንዷ ብትቀር ሌላዋ አለች። በስተመጨረሻ «ሐሙስ ማታ የሚያጣራ» የሚል አዲስ ዓምድ ጨምራለች። ስሜን ጽፋበታለች።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ አብረን እሳቸው ዘንድ እንሄዳለን። የልጅ ልጃቸው የላከችላቸው ፎቶዎች ገና አላለቁም።