ግራ እጇን ብቻ

ሰሞኑን ድብት ብሎኛል። የሆነ ነገር ኖሮ አይደለም፣ እህቴም ደውላ ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ ምንም አልኳት፣ እውነቴን ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ። ከበዓሉ በኋላ ነው? ከዛ በፊት ነው? የጀመረበትን ቀን ባውቀው እንኳን ደስ ባለኝ።

እንደዛ ሆኜ ሶፋው ላይ ተጋድሜ ትንሿ ልጅ ፒያኖ ትለማመዳለች፣ የፖላንዳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሾፓንን ኢ ማይነር ፕሪሉድ፣ ኦፐስ 28 ቁጥር 4። ፕሪሉድ አጭር ቁራጭ ሙዚቃ ነው፣ ኢ ማይነር ደግሞ ኢ የምትባለው ኖታ ቤቱ የሆነች ሀዘን ሀዘን የሚል ቅኝት። መምህሯ ለጊዜው ቀኝ እጅሽን ተይው፣ ግራውን ብቻ ተጫወቺ ብሏታል። ይሄን ሙዚቃ ስንት ዘመን ሰምቼዋለሁ፣ ግራ እጁን ለብቻው ግን ሰምቼው አላውቅም። ኮርድ ብቻ፣ ማለት አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች፣ እኩል እኩል እየተመታ፣ ዝግ ብሎ። ዜማው ሲነሳለት ነው ሰውየው ምን እንደሰራ የገባኝ።

ቀኝ እጅ መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰራም ማለት ይቻላል። ቢ የምትባል ኖታ ላይ ይቆማል፣ አንዴ ወደ ጎረቤቷ ሲ ብቅ ይላል፣ ተመልሶ ቢ፣ እንደገና እንደዛው። የሚያስለቅሰን ዜማው ይመስለናል፣ ዜማውማ ቆሟል፣ የሚሄደው ከስሩ ያለው ነው። ባሱ፣ ማለት የኮርዱ የታችኛው ኖታ፣ ከጂ ወደ ኤፍ ሻርፕ ይወርዳል፣ ሌላ ጊዜ መሀለኛው ይወርዳል፣ ሌላ ጊዜ የላይኛው፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ቶን፣ ፒያኖ ላይ ባለችው ትንሿ እርምጃ። ክሮማቲክ የሚሉት ይሄንን ነው፣ የኢ ማይነር ያልሆኑ ኖታዎች አንድ በአንድ ሾልከው ይገባሉ። እያንዳንዱን ኮርድ ከቀጥሎው ጋር ብታስተያዩት ለውጡ ኢምንት ነው፣ ትንሽ ቆይታችሁ ዞር ስትሉ ግን ኢ ማይነር የለም፣ የትኛው ኮርድ ላይ ጥሎን እንደሄደ ደግሞ ጣቱን አስቀምጦ እዚህ ጋ ነው የሚል የለም።

የኛ ትዝታ እንዲህ አይደለም እኮ። አምስት ኖታ ይዞ ከቅኝቱ ሳይወጣ እዛው ይመላለሳል፣ የሚያንገበግበውም መመላለሱ ነው፣ ትዝታ ሜጀር ላይማ ግማሽ ቶን የሚባል ጭራሽ የለም። ሾፓን ደሞ ሀዘኑን የሚሰራው በመውጣት ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳያየው። ሁለቱም አንጀት ይበላሉ፣ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው።

እነዚህን 24 ፕሪሉዶች የጨረሳቸው የስፔኗ ማዮርካ ደሴት ላይ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1838 ወደ 39 ባለው ክረምት፣ ቫልዴሞሳ በሚባል ቦታ የድሮ ገዳም ውስጥ፣ በሳል እየተሰቃየ፣ ከፍቅረኛው ከፈረንሳዊቷ ደራሲ ከጆርጅ ሳንድና ከልጆቿ ጋር። በ1849 ፓሪስ ውስጥ ሲቀበር ማድለን ቤተ ክርስቲያን ይቺኑ ቁጥር 4 በኦርጋን ተጫወቱለት። ይሄን ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል።

ሰው ስለ ክሮማቲክ ሀርመኒ፣ ማለት ስለዚህ ዓይነት የኮርድ አካሄድ፣ ሲያወራ ሁሌ ጀርመናዊውን ቫግነርን ነው የሚያነሳው፣ በ1865 ሙኒክ ላይ የታየውን ኦፔራውን ትሪስታንና ኢዞልደ፣ መግቢያው ላይ አንዲት ያልረጋች ኮርድ ያሰማችሁና ማረፊያ ሳይሰጣችሁ ሰአታት ያቆያችኋል፣ እረፍቱ የሚመጣው መጨረሻው ላይ ቢ ሜጀር ሲገባ ነው። ትልቅ ስራ ነው አልክድም፣ ግን ቫግነር ጋ እንደምጠብቅ አውቄ ነው የምጠብቀው። ሾፓን ጋ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው ሁሉም ነገር፣ እየጠበቅኩ መሆኔን እንኳን ሳላውቅ ያልቃል።

መጨረሻው ደሞ! አንድ እንግዳ ኮርድ ይመጣል፣ ለብቻው ቢሰማ አሁን ኤፍ ሜጀር ሊገባ ነው የሚያስብል፣ ከዛ ዝምታ፣ ሾፓን ዝምታው ላይ ፌርማታ የሚባል ምልክት አድርጎበታል፣ ምን ያህል እንደሚቆይ ለተጫዋቹ ትቶታል። ባሱ በግማሽ ቶን ከፍ ይላል እንጂ ኤፍ አልመጣም፣ ሶስት ኮርድ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አለቀ። ኢ ማይነር ከስሩ የኢ ኖታን ይዞ ሙሉ ሆኖ የሚቀመጠው እዛች የመጨረሻዋ ኮርድ ላይ ነው፣ ሲጀምር እንኳን ባሱ ጂ ነው፣ ኢ አይደለም። ይሄ ነው እስካሁን እንቅልፍ የነሳኝ፣ እስከ መጨረሻዋ ኮርድ ድረስ አንዴም በቅጡ ካላረፍንበት፣ ገና ከመጀመሪያው እሱ እንደራቀን በምን አወቅን?