የማን አጽም?

ሰርዲኒያ ውስጥ አስጎብኚ ሆኜ ስሠራ አንድ ጊዜ ከሮም የመጣ የሐበሾች ቡድን ደረሰኝ። ወደ አሲናራ ደሴት የሚሻገር ቱሪስት የሚፈልገው ይታወቃል፦ ነጫጭ አህዮቹን፣ የማፊያው አለቃ ቶቶ ሪና የታሰረበትን ክፍል፣ መርማሪ ዳኞቹ ፋልኮኔና ቦርሴሊኖ በ1985 እ.ኤ.አ. ከነቤተሰባቸው ተሸሽገው የማፊያውን ክስ ያዘጋጁበትን ቤት። (መንግሥት የቆይታቸውን ሒሳብ ከኪሳቸው አስከፍሏቸዋል። ይህን ስናገር ጣሊያኖቹ እያፈሩ ይስቃሉ።)

የእኛዎቹ የመጡት ለሌላ ነበር። ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ ፋሺስቶች ብዙ መኳንንትን ከነቤተሰባቸው የጫኑት ወደዚህ ነው። ደጃዝማች በየነ መርዕድ ሲገደሉ ባለቤታቸው ልዕልት ሮማነወርቅ ኃይለ ሥላሴ ከልጆቻቸው ጋር እዚሁ ታስረዋል፤ በ1940 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ አረፉ።

ደሴቲቱ ላይ ካምፖ ፔርዱ ከሚባለው ሥፍራ ስንደርስ ሁሉም ወደ አጽም ቤቱ ገቡ። አጥንቱን ሲያዩ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ልጆቼ፣ አገኘናቸው!» ብለው ለቅሶ ጀመሩ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። እንዴት ላቋርጣቸው?

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እነዚህ የእኛ አይደሉም» አልኳቸው። ሰርቦች የማረኳቸው የኦስትሪያና የሃንጋሪ ወታደሮች ናቸው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአልባኒያ በኩል በእግር ተነድተው መጥተው እዚህ በኮሌራ በሺዎች አልቀዋል። አጽም ቤቱ ራሱ የተሠራው በ1936 እ.ኤ.አ.፣ የእኛዎቹ እስረኞች ከመምጣታቸው አንድ ዓመት ቀድሞ ነው።

እማማ ዓይናቸውን ጠርገው፣ «ታዲያ እነዚህንስ ማን አለቀሰላቸው?» አሉና ቀጠሉ። ጀልባዋ ጥሩምባዋን እየነፋች ጠበቀችን፤ ቢሮ ስመለስ ቁጣ ጠበቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ገና ጀልባ ላይ ሳለን በቅደም ተከተል እናገራለሁ። በ1885 እ.ኤ.አ. ነዋሪዎቹ ተባርረው የስቲንቲኖን መንደር መሠረቱ፤ ደሴቲቱ የወረርሽኝ ማቆያና የእስረኞች እርሻ ሆነች፤ ቀጥሎ የምርኮኞቹ፣ ቀጥሎ የእኛዎቹ፣ ኋላም የቀይ ብርጌዶች (የጣሊያን ግራ ዘመም ታጣቂዎች) እና የማፊያ እስር ቤት። እስር ቤቱ በ1997 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ ነው ፓርክ የሆነችው። ሰው ሲወርድ የቆመበት ግንብ የማን እንደነበር ያውቃል።

አለቃዬ ግን አልወደደችውም። «ቱሪስት ለሐዘን አይከፍልም» አለችኝ።

«የሪና ክፍልስ ሠርግ ቤት ነው?»

«ሪናን ሁሉም ያውቀዋል» አለች። እኔም ለዚሁ ነው የምነግራቸው አልኳት፤ የእኛዎቹ የታሰሩበትን 1937 እ.ኤ.አ.ን ከንግግሬ አላወጣሁም።