ሰዓታችሁን አስማሙ

«የዋና ዋና ዳኛ ነኝ» ስል ሰው የተንተባተብኩ ይመስለዋል። ምን ላድርግ፣ የሥራው ስም ይኸው ነው። በሥራ ቀን ስፖርት አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ውድድር ካለ ውሃ ዋና እዳኛለሁ፣ ከሌለ ደግሞ ዳኛ አሠለጥናለሁ። አምና ሚያዝያ ላይ ለገጣፎ ካለ አንድ መዝናኛ ተደወለልኝ። የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ልጆች ሊወዳደሩ ነው፤ ገንዳ አለ፣ ልጅ አለ፣ ዋንጫ ተገዝቷል፣ ዳኛ የለም። «ሁለት ቅዳሜ አሠልጥንልንና በሦስተኛው እናወዳድራለን» አሉኝ። በሁለት ቅዳሜ ዳኛ እንደማይበስል እያወቅኩ እሺ አልኩ። አበሉ ጥሩ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ በሚኒባስ፣ ከሚኒባሱም ወርዶ በባጃጅ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ሃያ አንድ ሰው በፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ ይጠብቀኛል፦ የስፖርት መምህራን፣ ወላጆች፣ ሁለት የገንዳው ላይፍጋርዶች፣ በአንድ ድርጅት ሂሳብ የምትሠራ ወጣት፣ እንዲሁም ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት የተቀመጡ ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር። ከሠልጣኞቹ ገሚሱ የእሳቸው ተማሪ ነበር። እኔም ገና በመጀመሪያው የሻይ ዕረፍት ሳላስበው «ጋሼ» ማለት ጀመርኩ።

ፊሽካውን ቶሎ ያዙት። ዋና ዳኛው ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ደጋግሞ ሲነፋ ዋናተኞቹ ልብሳቸውን አውልቀው ይዘጋጃሉ፤ አንድ ረጅም ሲነፋ መነሻው ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ እጁን ወደ አስጀማሪው ሲዘረጋ ጉዳዩ ከእሱ ወጥቶ የአስጀማሪው ይሆናል። ከምልክቱ በፊት የተነሳ፣ አንዴም ቢሆን፣ ይሰረዛል። አንዲት እናት «ልጅ አይደል እንዴ፣ አንዴ ይቅር አይባልም?» አለች። ሁሉም ሳቀ። ድሮ ግን በእርግጥም ይቅር ይባል ነበር።

ያስቸገረን ደረት ቀዘፋ ነው። በደረት ቀዘፋና በቢራቢሮ ዋናተኛው ሲዞርም ሲጨርስም ግድግዳውን በሁለት እጁ፣ እኩል መንካት አለበት። በቃል ብቻ የሚገባ ስላልመሰለኝ የአዳራሹን ግድግዳ ገንዳ አደረግነውና በየተራ እየሮጡ እንዲነኩት፣ የቀሩት እንዲፈርዱ አዘዝኩ። ሦስተኛዋ ሯጭ ላይ ጭቅጭቁ ተነሳ። «ቀኝ እጇ ቀደመ!» «ኧረ አልቀደመም!» አስተናጋጆቹ ሳይቀሩ ትሪ እንደያዙ ቆመው ይፈርዱ ጀመር። «አይተሃል?» ብዬ አንዱን ስጠይቀው «እንጃ፣ መሰለኝ» አለ። «መሰለኝ ከሆነ እጅህን አታንሳ።» ጥርጣሬ ለዋናተኛው ነው። ይህችን ብቻ ይዘው ቢወጡ ይበቃኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ ወደ ሰዓት አያያዝ ገባን። የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ በሌለበት ገንዳ ደንቡ ለአንድ መስመር ሦስት ሰዓት ያዥ ይላል። ከሦስቱ ሁለቱ እኩል ካነበቡ እሱ ይጸናል፤ ሦስቱም ከተለያዩ መካከለኛው የልጁ ሰዓት ይሆናል። ሁለት ብቻ ካሉ ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ የሮምን ታሪክ እነግራለሁ።

ሮም ሲባል እኛ የምናውቀው አበበ ቢቂላን ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ እዚያው ሮም የ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ፍጻሜ ነበር። አውስትራሊያዊው ጆን ዴቪትና አሜሪካዊው ላንስ ላርሰን ግድግዳውን ተከታትለው ሳይሆን ተደራርበው ነኩት ማለት ይቀላል። የዴቪትን ሰዓት የያዙት ሦስቱም ሰዎች 55.2 አነበቡ። የላርሰን 55.0፣ 55.1፣ 55.1 ሆነ። ወርቁን ግን የወሰደው ዴቪት ነው። አንደኛውን እንዲለዩ ከተመደቡት ሦስት ዳኞች ሁለቱ «አንደኛ ዴቪት» አሉ፤ ሁለተኛውን እንዲለዩ ከተመደቡት ሦስቱ ደግሞ ሁለቱ «ሁለተኛ ዴቪት» አሉ! ዋና ዳኛው ለዴቪት ፈረደ፤ የላርሰንም ሰዓት 55.2 ተብሎ ተስተካከለ። አሜሪካኖቹ ይግባኝ ብለው ነበር፣ ሰሚ አላገኙም። የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት ወደ ገንዳው እንዲገባ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

«ተስተካከለ?» አሉ ጋሼ፣ ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው እያነሱ። «ሰዓት ለሰው ብሎ ይስተካከላል እንዴ?»

ከዚያማ ትምህርቱን ከእጄ ወሰዱት ማለት ይቻላል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ 25 ሜትር ማዶ ቆሞ ድምፁን ሰምቶ ሰዓቱን የሚያስነሳ ሰው ሰባት መቶኛ ሰከንድ ዘግይቷል። «መብረቁን ተመልከቱ፣ ነጎድጓዱን አትጠብቁ!» አሉ፤ የድሮ ተማሪዎቻቸው ተያይተው ፈገግ አሉ፤ የታወቀ አባባላቸው ሳይሆን አይቀርም። የመነሻ መሣሪያ ስላልነበረን አስጀማሪው የኳስ ደጋፊ ጥሩምባ ሲነፋ ክንዱን አብሮ ወደ ታች እንዲያወርድ፣ ሰዓት ያዦቹም ክንዱን አይተው እንዲጫኑ ተባለ። በአውራ ጣት ሳይሆን በጠቋሚ ጣት ተጫኑ ብዬ እኔም ጨመርኩ።

ሊመሽ ሲል ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ሰዓታችሁን አስማሙ» ብዬ ጻፍኩ። የፈለግኩት ተራ ነገር ነው፦ የውድድሩ ቀን ጠዋት ሁሉም በአንድ ፊሽካ ሰዓቱን ያስነሳል፣ በአንድ ፊሽካ ያቆማል፣ ከሌላው ርቆ የሚያነብ ሰዓት ካለ ይቀየራል። ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ እየተቻኮልኩ ስለነበር ማብራሪያውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አሳደርኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናብ ጣለ፣ ግማሽ ቀን ባከነ፣ ረሳሁት።

የውድድሩ ቀን ማለዳ ውሃው 23 ዲግሪ ነበር። ደንቡ ከ25 እስከ 28 ስለሚል ፀሐይ እስክትበረታ ጠበቅን። መስመሮቹን የሚለዩት በገመድ የተሰኩ ባዶ ሃይላንዶች ናቸው። የጀርባ ቀዛፊዎች ግድግዳው መቅረቡን የሚያውቁበት፣ አምስት ሜትር ሲቀር ከላይ የሚንጠለጠለው ባንዲራ ደግሞ ከቀይና ከቢጫ ፌስታል ተቀዶ የተሠራ ነው። ያምር ነበር፣ እውነቴን ነው። ገንዳው ባለ ስድስት መስመር ስለሆነ 18 ሰዓት ያዥ ያስፈልገኝ ነበር፤ የነበረኝ 14። ለ3ኛና ለ4ኛ መስመር ሦስት ሦስት ሰው፣ ለቀሩት ሁለት ሁለት ደለደልኩ። ጋሼን 4ኛ መስመር ላይ አቆምኳቸው፤ አጠገባቸው የቀድሞ ተማሪያቸው የሆነች የስፖርት መምህርትና ከላይፍጋርዶቹ አንዱ። ወረቀቱን የምትሞላው መምህርቷ ናት።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁሉ ነገር ያለ ኮሽታ ሄደ። እንዲያውም 4ኛ መስመርን የሚቀድም አልነበረም፤ ሌሎቹ ገና ሰዓታቸውን አዘቅዝቀው ሲያነቡ የእነሱ ወረቀት መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ደርሷል። «እንደ 4ኛ መስመር ሁኑ እንጂ!» ብዬ ሌሎቹን ተቆጣሁ። ይህን ማለቴን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴን ይሞቀኛል።

የወንዶች 50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ፍጻሜ ሆነ። መድረሻው ጎን ቆሜያለሁ። በ3ኛ መስመር ያለው ቀጭን ልጅ ቀድሞ ነካ፤ አንድ ስንዝር ያህል። የመድረሻ ዳኛውም 3፣ ቀጥሎ 4 ብሎ ጻፈ። የልጁ እናት እልልታዋን አቅልጣዋለች። መዝጋቢ ያደረግኳት ሂሳብ ሠራተኛ በእጇ ጠራችኝ። 3ኛ መስመር፦ 31.71፣ 31.74፣ 31.78። መካከለኛው 31.74። 4ኛ መስመር፦ 31.62፣ 31.62፣ 31.62። ሁለተኛ የወጣው ልጅ አንደኛ ሆኗል።

ሮም ለገጣፎ ድረስ መጣችብኝ።

«ይሄ ብቻ አይደለም» አለች፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ከጫነችባቸው ወረቀቶች መሃል እየመዘዘች። ከጠዋት ጀምሮ የተሰበሰቡ አሥራ አንድ የ4ኛ መስመር ወረቀቶች። በአሥራ አንዱም ላይ ሦስቱ ሰዓት እስከ መቶኛው አንድ ነው። «ሦስት ሰው ያለበት ግን አንድ እጅ የሞላው ደረሰኝ እኛ ቢሮ ቢመጣ አይወራረድም» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። በሮም ያነበቡት እስከ አሥረኛ ሰከንድ ብቻ ስለነበር ሦስት ሰው 55.2 ላይ ቢገናኝ አይደንቅም። በመቶኛ ሰከንድ ግን የሦስት ሰው ጣት አንዴ ቢገናኝ ዕድል ነው። አሥራ አንዴ?

ደግነቱ ዋና ዳኛው ለሚቀጥለው ዙር ፊሽካ ሳይነፋ ሰዓቱን ማንም እንዳያጠፋ አጥብቄ አስተምሬ ነበር። ሄጄ «አሳዩኝ» አልኩ። የጋሼ 31.62። የመምህርቷ 31.87። የላይፍጋርዱ 31.90።

ለጥቂት ጊዜ የተናገረ የለም። መምህርቷ ጫማዋን ታያለች። «ጋሼ ቀድመው ይጠሩታል» አለች በመጨረሻ። «የኔ የተሳሳተ እየመሰለኝ… ፊዚክስ ላብራቶሪ ውስጥ ስቶፕዎች ያስያዙኝ እኮ እሳቸው ናቸው።» ላይፍጋርዱ ግን ወደ እኔ ዞረ። «አሠልጣኝ፣ ሰዓታችሁን አስማሙ ያሉን እርስዎ አይደሉ እንዴ? ሰሌዳው ላይ ጽፈውታል። አስማማን።»

ምን እመልሳለሁ? ይሉኝታው ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ነው፤ በጠመኔ ጽፌ ያጸደቅኩላቸው ግን እኔ ነኝ።

ጋሼ ሦስቱን ሰዓቶች በየተራ ተቀብለው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «ሦስቱ እስከ መቶኛው እኩል ከመጡማ ወይ ሰዓቱ ወይ ሰዉ አልሠራም» አሉ። ከዚያ ወደ መምህርቷ ዞሩ። «ልጄ፣ እኔ ሳስነሳ እዘገያለሁ፣ ሳቆም እቸኩላለሁ፤ አርጅቻለሁ። አንቺን አጠገቤ ያቆሙሽ ለምን ይመስልሻል?» በኋላ እንዳየሁት ደግሞ ሲጫኑ የነበረው በአውራ ጣታቸው ነው።

መካከለኛው 31.87 ሆነና 3ኛ መስመር አሸነፈ። ልዩነቱ 13 መቶኛ ሰከንድ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ለሚዋኝ ልጅ ሃያ ሴንቲሜትር፣ ያችው ስንዝር። የ4ኛ መስመሩ ልጅ ሲነገረው ትከሻውን ነቅንቆ «አውቃለሁ፣ አይቼዋለሁ» አለ።

የከበደኝ ይህ አይደለም። የፍጻሜው ሰዓት በእጃችን ነበር፤ የቀሩት አሥር ዙሮች ግን ጠፍተዋል። ከማጣሪያው ስድስተኛና የመጨረሻ ሆኖ ለፍጻሜ ያለፈው ልጅ በ4ኛ መስመር በ33.05 የዋኘ ነው። ሰባተኛ ሆኖ የቀረው በሌላ ዙር 33.14 ነበረው። ዘጠኝ መቶኛ! የጋሼ ሰዓት በፍጻሜው ሩብ ሰከንድ ያህል እንዳሳጠረ አይተናል፤ በማጣሪያው ግን የሁለቱ ሰዎች ሰዓት ምን ያነብ እንደነበር የሚያስታውስ የለም። በግምት ላርመው አሰብኩ፤ ሰዓት ለሰው ብሎ ይስተካከላል እንዴ የሚለው ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝና ተውኩት። ፍጻሜውም ቢሆን ተዋኝቶ አልቋል።

የሰባተኛውን ልጅ አባት ፈልጌ ሳልሸፋፍን ነገርኩት። ጮኾ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ ልጁን ምን ልበለው?» ብቻ አለኝ። «እኔ እነግረዋለሁ» አልኩ። ልጁ ፎጣ ተከናንቦ ቆሎ ይቆረጥማል።

«እና ቀድሜው ነበር?»

«አላውቅም። ሊሆን ይችላል።» እሱ ዝም ሲል ጨመርኩ፤ «ከፈለግህ አሁን ብቻህን ዋኝ፣ በሦስት ሰው ሰዓትህን እናስይዝልሃለን።»

ገንዳውን አየት አደረገ። «አይ፣ በርዶኛል» አለ።

ለመዝናኛው ሪፖርት ስጽፍ «የሰዓት ያዦች ስህተት» ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩትና የሰሌዳውን ነገር እንዳለ አሰፈርኩት። ሁለተኛ የሚጠሩኝ አልመሰለኝም ነበር፤ ኅዳር ላይ ጠሩኝ።

አሁን «አስማሙ» የሚባል ቃል የለም። ሰዓቶቹን ጠዋት ራሴ በአንድ ፊሽካ እፈትሻለሁ። እያንዳንዱ ሰዓት ያዥ የራሱ ብጣሽ ወረቀት አለው፤ ሦስቱም ጽፈው ሳያጥፉ አፍ አይከፈትም፤ ሲነበብም በዕድሜ ታናሽ የሆነው ይጀምራል። በልምምድ ላይ ደግሞ ልጁ ግድግዳውን ሊነካ ሲል እንዳየሁት አድርጌ የሐሰት ሰዓት እጮሃለሁ፤ «31.50!» ከዚያ ወረቀቱን ሰብስቤ ስንቱ ወደ እኔ ጩኸት እንደተጠጋ እቆጥራለሁ። በመጀመሪያው ሙከራ ሰባት ሰው ተጠግቶ ነበር፤ አንዱ ዳኝነት ስሠራ አብሮኝ የኖረ ጓደኛዬ ነው።

ጋሼም መጥተዋል፤ ያው 4ኛ መስመር ላይ። በመጀመሪያው የልምምድ ዙር ታናሿ 34.41 ብላ አነበበች። ቀጣዩ 34.46 አለ። ጋሼ የታጠፈች ወረቀታቸውን ገለጡና «34.20» አሉ። ሂሳብ ሠራተኛዋ 34.41ን ከበበችው።

«ወደቅኩ?» አሉ ጋሼ።

«ወደቁ ጋሼ።»

ጠቋሚ ጣታቸውን አየት አደረጉና ሰዓታቸውን ለሚቀጥለው ዙር ሊያጠፉ ሲሉ ታናሿ እጃቸውን ያዝ አደረገች። ፊሽካው ገና አልተነፋም ነበር።