ምንም አልሆንኩም

ዛሬ ደብሮኛል። ምክንያት ብፈልግለት አይጠፋም፤ ግን ድብርቱ ነው ቀድሞ የመጣው፣ ምክንያቱ ኋላ ነው የደረሰበት። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ሊዘንብ ነው፣ አይዘንብም። ቁርጡን አይናገር ነገር። የማን ልጅ እንደሆነ እንጃ፣ ቁጭ እኔን ነው የሚመስለው።

ነገሩ የጀመረው ባንክ ነው። የማስጠናቸው የሁለቱ ልጆች እናት ብሩን በእጅ መስጠት ሰልችቷት «አካውንት ላኪልኝ» አለችኝ። የተማሪነት አካውንቴ ከነጭራሹ ተረስቷል፣ ስለዚህ አዲስ ላወጣ ሄድኩ። ቅጹን መሙላት ጀመርኩ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የእናት ስም ከነአባቷ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር። እጄ ሲሮጥ ሲሮጥ ቆየና አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። «ሥራ» ይላል። ከጎኑ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ።

መታወቂያዬ እስካሁን «ተማሪ» ነው የሚለኝ፤ አንጀቴን ይበላኛል። ክፍቱን ትቼ ሰጠኋት። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ እኩያዬ ናት፣ አንገቷ ላይ የባንኩን ሻርፕ አስራለች። አየት አደረገችና መለሰችልኝ። «ይቺን ክፍት አትተዪያት፤ ሲስተሙ አያሳልፍም።»

«ምን ልበል?»

«የምትሠሪውን ነዋ።»

የምትሠሪውን። «መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። ያው መጣሁ እንዳልኩ ቤት ደረስኩ።

መስኮት ጋ ተቀምጬ እማዬ ምስር እየለቀመች አየችኝ። «ምን ሆነሽ ነው?» አለች። «ምንም አልሆንኩም።» እሺ ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች። እኔ ግን የተናገርኩት ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ። ልጅ ሆኜ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጉንጬን ቆንጥጦ «ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?» ነበር የሚለኝ። ዶክተር እል ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዶክተር ነበር፤ ያ ሁሉ ቢሳካ በሽተኛ ከየት ይገኝ ነበር? አንዱ ብቻ «ሹፌር» ብሎ ተሳቀበት። ዛሬ የራሱ ሚኒባስ አለው። እና ያ ጥያቄ፣ ያው ራሱ፣ ጊዜውን ቀይሮ መጣ። ትናንት «ምን ትሆኛለሽ?»፣ ዛሬ «ምን ሆንሽ?»። መሐሉ ላይ የሆነ ነገር የምሆንበት ሰዓት ነበረ ማለት ነው። ተኝቼ አለፈኝ?

ደግሞ እኮ እማዬን «ምንም አልሆንኩም» ስላት ደህና ነኝ ያልኳት መስሏት ተረጋጋች። የአማርኛ ነገር። እውነቱን ነግሬያት ተረጋጋች።

ያ ሰዓት መቼ እንደሆነ ሳስበው ትዝ ያለኝ ዲፓርትመንት የመረጥንበት ቀን ነው። ፍሬሽማን አልቋል። ሶሻል ነኝ። ወረቀት ተሰጠንና ከአንድ እስከ አሥራ ምናምን በቅደም ተከተል ሙሉ ተባልን፤ ውጤትሽ ባደረሰሽ ትገቢያለሽ። አንደኛ ሕግ አልኩ። የሁሉም ሰው አንደኛ ሕግ ነበር። ሁለተኛ አካውንቲንግ። ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። ካፌ ሊዘጋ ነው። የዶርሜ ልጅ የራሷን ጨርሳ በር ላይ ሆና እግሯን ታወዛውዛለች። «ኧረ ከኔ ገልብጪ፣ ሽሮው ሊያልቅብን ነው!» ገለበጥኩ። ከሦስት እስከ መጨረሻው ድረስ የሷን፣ እንዲያውም ሁለት ቦታ ስሙን ሳላነበው። አራተኛ ላይ ማኔጅመንት ነበር። ማኔጅመንት ደረሰኝ። ሽሮው ግን አልደረሰኝም፤ ዳቦ በሻይ በላን።

እና የተመረቅኩት በሷ አራተኛ ምርጫ ነው። እሷ ሕግ ገባች።

የመውጫ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር የኛ ባች «እኛ ጋ እስኪደርስ ይቀራል» ብሎ ነበር። በዓመቱ ደረሰ። ሃምሳ ያላመጣ ዲግሪውን አያያትም። እንዴት እንዳጠናሁ አትጠይቁኝ፤ ለምወደው ነገር እንደዚያ አጥንቼ አላውቅም። 61 አመጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ማስታወቂያ ማንበብ ነው። ቴሌግራም ላይ «0 ዓመት ልምድ» የሚል ሳይ ልቤ ትዘላለች። ዝቅ ስል «3.00 እና ከዚያ በላይ» ይላል። የኔ ጂፒኤ 2.94 ነው። ዜሮዋን አሟልቼ ሦስቷ ላይ እወድቃለሁ። 5 ሚሊዮን ኮደሮች የሚባለው የመንግሥት የኦንላይን ሥልጠናም ሲጀመር ተመዝግቤ ሁለት ሰርተፊኬት ወስጃለሁ። ማህደሬ ውስጥ ተቀምጠዋል። ኮድ ጻፊ ብትሉኝ ግን የበሩን ኮድ ነው የማውቀው።

ወንድሜ የሰባ ሠላሳ ልጅ ነው። መንግሥት ከመቶ ሰባው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ባለበት ዘመን ገባ፣ አምስት ዓመት ሲቪል ተማረ፣ አሁን ራይድ ይነዳል። ቀለበት መንገድ ላይ ድልድይ ሥር ባለፈ ቁጥር ብረቱ እንዴት እንደሚታሰር ለተሳፋሪው ያስረዳል። አምስት ኮከብ ይሰጡታል አሉ።

አባዬ ደግሞ ጭራሽ አልመረጠም። በደርግ ጊዜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቲቲአይ፣ መምህራን ማሠልጠኛ፣ ገባ፣ ተመረቀ፣ ከዚያ የት ሄደህ አስተምር የሚለው በዕጣ ነበር። ወረቀት ተጠቅልሎ ኮፍያ ውስጥ ይገባል። አባዬ ያወጣው ወረቀት ላይ ሰምቶት የማያውቀው ቦታ ተጽፏል። ሁለት ቀን በመኪና፣ ግማሽ ቀን በእግር። «አልከፋህም?» ብዬው ነበር አንድ ቀን። «ለምን ይከፋኛል? የሄድኩት እኔ፣ የመረጠው ኮፍያው» አለኝ። ጡረታ እስኪወጣ ጠመኔ ይዟል። ሲያማርር ደሞዙን ነው እንጂ ሥራውን ሲያማርር ሰምቼ አላውቅም። እኛን ግን «ከልጆቼ አንድም ጠመኔ የሚነካ እንዳላይ» እያለ ነው ያሳደገን። እውነት ለመናገር ኮፍያው ያስቀናኛል። እኔ ብሳሳት በማን አላክካለሁ? በሽሮው?

አያቴ ብትኖር «የአርባ ቀን ዕድሏ ያውቃል» ትል ነበር። ይሄ ነገር ሁሌም ግራ ይገባኛል። በአርባ ቀኑ ክርስትና የሚነሳው ወንዱ ነው። እኛ ሰማንያ ነን። ታዲያ የኔ ዕድል በአርባኛው ቀን መጥቶ፣ ገና ነች ተብሎ ተመልሶ ሄዶ ቢሆንስ? አርባ ቀን ቆሞ የሚጠብቅ ዕድል አለ እንዴ?

ትናንት እኔም እንደነዚያ ጉንጭ ቆንጣጮች ሆኜ ቁጭ አልኩ። ትንሹን፣ አራተኛ ክፍሉን፣ ክፍልፋይ እያስጠናሁት «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» አልኩት። እርሳሱን አፉ ውስጥ ከቶ ብዙ አሰበ። «እማዬን ልጠይቃትና ነገ ልንገርሽ» አለኝ። በሳቅ ሞትኩ። ክፍልፋዩ ግን አልገባው ብሎ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። አንድ ስምንተኛ ከአንድ አራተኛ ይበልጣል ብሎ ሙጭጭ፤ ስምንት ከአራት ይበልጣላ! በመጨረሻ ድፎ ዳቦ ሣልኩለት። ለአራት ቆረስነው። ቀጥሎ «እንግዳ መጣ፣ አሁን ስምንት ሆናችኋል» አልኩት። መስመሩን ራሱ አሰመረ፣ ቁራሹን አየ፣ ፊቱ ተለወጠ። «ውይ! ድርሻዬ አነሰ!» እንግዶቹ ላይ የምሩን ተናደደባቸው። እንደዚህ ያለች ነገር ስትመጣ ሰዓቱ ይጠፋኛል። ትናንትም ሃምሳ ደቂቃ ያልተከፈለበት ቆይቼ ታክሲ አጥቼ በእግሬ መጣሁ። ጅል ነኝ። አንድ ደህና ሥራ ባገኝ እኮ እንደዚህ አልዝረከረክም ነበር።

ምን ልጽፍ ነበር የጀመርኩት? አዎ፣ ቅጹ። እዚሁ አጠገቤ አለ፤ ለአራት ታጥፎ። ለስምንት ባጥፈው ያቺ መስመር ትጠፋ ይሆን?

ደግሞ አሁን ነው ያስተዋልኩት፤ ይሄን ሁሉ የጻፍኩበት እስክሪብቶ የኔ አይደለም። የልጅቷ ነው፣ የባለ ሻርፗ። «አንዴ» ብዬ ተውሼ ይዤው ወጥቻለሁ። ክዳኑ ተነክሷል፤ እሷም የሚያስጨንቃት ነገር አለ ማለት ነው። መመለሱስ እመልስላታለሁ። ስመልስላት ግን «ሞላሽው?» ትለኛለቻ። ወይ ሌላ ቅርንጫፍ ልሂድ? እዚያስ ሲስተሙ ያው ነው እንዴ?