ቫይታሚን ኢ የበላብኝ ሁለት ሳምንት

ስለ እርጅናና ስለ ደም ቅዳ መጥበብ በራሴ ጊዜ ማንበብ ከጀመርኩ አራተኛ ወር ይዣለሁ። ትናንት ማታ ማስታወሻ ሳላይ በሽታው እንዴት እንደሚመጣ የሚያሳየውን ሥዕል ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርሳስ ሳልኩት። ደስ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ጅማሬውን ልዝለለው። ሳይንቲስቱ ዴንሃም ሃርማን እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው፣ ፍሪ ራዲካል (ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ያለው፣ ያገኘውን የሚነካ ሞለኪውል) ሰውነትን እየጎዳ ያስረጃል የሚለው መላምት፣ ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ሲያረጅ ፍሪ ራዲካል እንደሚያፈስ፣ ኤልዲኤል («መጥፎ» የሚባለው የኮሌስትሮል ተሸካሚ) ደም ቅዳው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ እንደሚቀር፤ ይሄ ሁሉ ቶሎ ገባኝ። የገባኝ መሰለኝ ልበል።

ያቆመኝ ይሄ ነው። ያልተነካ ኤልዲኤል ማክሮፌጅን (ባዕድ ነገር የሚውጠውን የመከላከያ ሴል) ብዙም አያሰባውም። ኦክሲዳይዝ ሲሆን (ፍሪ ራዲካል ኤሌክትሮን ሲነጥቀው) ግን «በቃኝ» በማያውቅ ተቀባይ በኩል ይዋጣል፤ ሴሉ በስብ ጠብታ ተወጥሮ አረፋ ይመስላል፤ እንዲህ ያለው ሴል ሲከማች ደም ቅዳው ይጠባል። ታዲያ አንቲኦክሲዳንት (ኦክሲዴሽንን የሚከላከል ነገር፣ ለምሳሌ ቫይታሚን ኢ) ብንውጥ በሽታው መቆም አልነበረበትም? እኔ እንደዚያ ብዬ ሁለት ዓመት ቫይታሚን ኢ ውጫለሁ። አባዬንም «ለልብህ ነው» ብዬ አስጀምሬዋለሁ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የእንግሊዞቹ የልብ ጥናት እጄ ገባ። 20,536 ሰው፣ አምስት ዓመት፣ ቫይታሚን ኢ፣ ሲ እና ቤታ ካሮቲን። ቫይታሚኑ ደማቸው ውስጥ ጨምሯል፤ ድንገተኛ የልብ ሕመሙም ሞቱም ግን ንቅንቅ አላለም። የሚያናድደው፣ እዚያው ጥናት ላይ ሲምቫስታቲን (ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች አንዱ) የደረሳቸው ሰዎች አደጋቸው በሩብ ገደማ ቀንሷል።

ሁለት ሳምንት አንድ ገጽ ላይ ተቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ ያወጣኝ ላጲስ ነው። ኦክሲዴሽንን እንደ ዝገት አስቤ አንድ ወፍራም ቀስት ስዬ ነበር፤ አጠፋሁትና ሱፐርኦክሳይድ የሚባለውን አንዱን ፍሪ ራዲካል ብቻውን ሳልኩት። ደም ቅዳውን የሚያላላውን ጋዝ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድን፣ ካገኘ ወዲያው ይይዘዋል፤ ፍጥነቱ ሱፐርኦክሳይድን ሊያጠፋ የተሰለፈውን ኤንዛይም (ኬሚካላዊ ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን) እንኳ ይቀድማል። ከሁለቱ የሚወጣው ፐሮክሲናይትራይት ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራውን ኤንዛይም አጋዥ ያበላሻል። ኤንዛይሙ ያን ጊዜ ራሱ ሱፐርኦክሳይድ ማምረት ይጀምራል! በዕድሜ የሚጠነክረው ይሄ አዙሪት ነው። ስብ ውስጥ የሚቀመጥ ቫይታሚን ለዚያ ሩጫ እንዴት ይድረስ? ደግሞ ሴሎች ፍሪ ራዲካልን በመጠኑ ለመልእክት ይጠቀሙበታል፤ ሁሉንም ጠርጎ ማጥፋትም አይፈለግም።

ለጀማሪ የምለው፦ ካርድ አትሸምድዱ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ሳሉ። በቀለም እያሰመሩ ማንበብ ጊዜ መግደል ነው። (የኔ መጽሐፍ ግን ቢጫ በቢጫ ነው፤ አትዩት።)

ለአባዬ ሥዕሉን አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየውና «ታዲያ ለምን አስጀመርሽኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሐኪሙ ያዘዘለትን ስታቲን እንዳያቋርጥ ብቻ ለመንኩት።